ቤቱን የወረሰ ቃሉንም ይወርሳል
ከሩቅ ሆነው ለሚያከራዩ ወንድሞችና እህቶች

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በኹጥባ ላይ ብዙ ጊዜ የማንሰማው፣ ነገር ግን የብዙዎቻችንን ኪስም አኺራም የሚነካ ነው። በአንድ ከተማ እየኖርን በሌላ ሩቅ ከተማ ቤት ሲኖረን፣ በተለይም ቤቱን በግዢ ወይም በውርስ ገና ስንረከብ፣ ቀድመውን ከገቡት ተከራዮች ጋር እንዴት መነጋገር ይገባናል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ተሳስቼበት እስካየሁት ድረስ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ምሳሌዬ ጂንካ ናት። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአሪ ምድር ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በደቡብ ኦሞ ላሉ ሕዝቦች ሁሉ መገናኛ ሆና ኖራለች። በቅዳሜ ገበያዋ የአሪ ገበሬ፣ ከቆላ የወጣ አርብቶ አደር፣ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻሉ። ልጅ ሆኜ ሳውቃት የአውሮፕላን ማረፊያዋ በከተማው መሐል የተንጣለለ የሣር ሜዳ ነበር። ዛሬ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የክልል ቢሮዎች ከተመደቡባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ከተማዋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ኪራይ ቤት ነው።

ባለቤቶቹ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የሉም። አባት በጂንካ ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጆች አሳድጓል። ልጆቹ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ጂዳ ወይም ሪያድ ናቸው። ሌላው ደግሞ ከተማዋ እያደገች መሆኑን ሰምቶ ቤቱን በስልክ ተደራድሮ ይገዛል። ተከራዩ ቤቱ እጅ እንደለወጠ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ባለቤት ሳይሆን ከገበያ ወሬ ነው። ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ “ሊያስወጧችሁ ነው” የሚል።

የእኔ ስሕተት

አባቴ፣ አላህ ይማራቸው፣ በጂንካ ለረጅም ዓመታት የነገዱ ሰው ነበሩ። የከተማው ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም “ሐጂ” ነበር የሚላቸው። ከዋናው ቤት ጓሮ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተው ያከራዩ ነበር። እርሳቸው ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ወራሾች ተሰብስበን ተስማማን፤ የጂንካው ግቢ ለእኔ ደረሰ።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ለአንድ ደላላ ስልክ መደወል ነበር። “የአካባቢው ኪራይ ስንት ነው?” አልኩት። ተከራዮቻችን የሚከፍሉት ከገበያው ግማሽ እንደማይሞላ ነገረኝ። ስለ ተከራዮቹ ስም አልጠየቅሁም፤ መቼ እንደገቡም አልጠየቅሁም። “እንግዲያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በገበያው ዋጋ ይክፈሉ፤ ያልተስማማ ይልቀቅ በላቸው” አልኩት። ራሴን ጎበዝ አስተዳዳሪ አድርጌ ቆጠርሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ፣ በአንደኛው ክፍል ለዓመታት የኖሩ እናት ናቸው።

“የሐጂ ልጅ ነህ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ነፍሳቸውን ይማር። እኛም እዚህ አልቅሰናቸዋል። ልጄ፣ አንተ ግን ማን እንደሆንክ እንኳ ሳንሰማ ውጡ የሚል ሰው መጣብን።”

ከዚያ ጉዳያቸውን አስረዱኝ። በጓሮው የነበረው ማእድ ቤት ዝናብ አፍርሶት፣ ከአባቴ ጋር ተነጋግረው በራሳቸው ገንዘብ ቆርቆሮና እንጨት ገዝተው አሠርተውታል። ወጪውም ከኪራይ እንዲታሰብላቸው ተስማምተዋል። ገና ያልተቆጠረላቸው ወራት አሉ። “ወረቀት አለኝ አልልህም፤ የሐጂ ቃል ነበር” አሉኝ።

እኔ በልቤ ያልኩትን ስናገር አፍራለሁ። “የሞተ ሰው አይመሰክር፤ ይህን አጋጣሚ አገኙ” ነበር ያልኩት። “አጣራለሁ” ብዬ ዘጋሁት፤ አላጣራሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህቴ የአባታችንን ዕቃ ስታስተካክል የሱቅ ደብተራቸውን አገኘች። አባቴ ሒሳባቸውን በዐረብኛ ፊደል፣ በገዛ ቋንቋቸው ነበር የሚጽፉት። አጎቴ አነበበልን። የቆርቆሮው ቁጥር፣ የእንጨቱ ዋጋ፣ የአናጢው ክፍያ ተዘርዝሯል። ከሥሩም የስምንት ወር ኪራይ መሆኑ ተጽፎ፣ በየወሩ አንድ አንድ ሰረዝ ተደርጎበታል። ሰረዞቹ አምስት ናቸው። ሦስት ወር ቀርቷቸዋል።

ወዲያው ደወልሁ። ሴትዮዋ ለቀው ሄደዋል። ደላላው ክፍሉን በአዲሱ ዋጋ ለሌላ ሰው አከራይቶታል።

ሀገራችን “የአባት ዕዳ ለልጅ” ትላለች። የሸሪዓው ሕግ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነው። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ ውርስን ሲደነግግ ድርሻው የሚታደለው ኑዛዜና ዕዳ ከወጣ በኋላ መሆኑን ደጋግሞ ያስታውቃል። እኛ ግን ንብረቱን ተካፍለን ዕዳውን በጓሮው ማእድ ቤት ጣሪያ ላይ ትተነዋል። የሙእሚን ነፍስ ዕዳው እስኪከፈልለት በዕዳው ታስራ እንደምትቆይ የተነገረውን ሐዲስ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! አባቴን በቀብራቸው ውስጥ በሦስት ወር ኪራይ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ሰንፌያለሁ።

በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል አድርጌ፣ በቀይ አፈር አቋርጬ ጂንካ ገባሁ። ጠያይቄም ሴትዮዋን ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ገንዘቡን ሰጥቼ አውፍ እንዲሉኝ ለመንኋቸው። “ገንዘቡ የራሴ ነው፤ እቀበልሃለሁ” አሉኝ። “ለሐጂም ይቅር ብያለሁ። አንተ ግን ያኔ አንድ ጊዜ ደውለህ፣ እንዴት ናችሁ ብትለን ኖሮ፣ እኔም ከቤቴ አልወጣም ነበር፤ አንተም ይህን ሁሉ መንገድ አትለፋም ነበር።”

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚያች እናት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ኪራይ በፊቅህ ኢጃራ ይባላል። ኢጃራ ማለት የአንድን ነገር ጥቅም ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ መሸጥ ነው። ይህን ትርጉም የያዘ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይረዳል። ለአንተ ቤቱን የሸጠልህ ሰው የሸጠልህ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ይዞታውን ነው። በቤቱ የመኖሩን ጥቅም ግን እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ አስቀድሞ ለተከራዩ ሸጦታል። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መሸጥ አይቻልም።

ስለዚህም በሀገራችን ብዙ ሙስሊም በሚከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ በበረታው አቋም፣ እንዲሁም በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ፣ ቤቱ ቢሸጥ ሽያጩ ይጸናል፤ የኪራዩ ውል ግን አይፈርስም። ገዢው ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ተከራይ መኖሩን ሳያውቅ ከገዛ ግዢውን የመተው ምርጫ ይሰጠዋል እንጂ ተከራዩን የማስወጣት መብት አይሰጠውም። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ሽያጩ ራሱ የተከራዩን ፈቃድ ወይም የውሉን ማብቂያ ይጠብቃል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የተከራዩን መብት ይጠብቃሉ።

በሞት ጊዜ ልዩነት አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ከተዋዋዮቹ አንዱ ቢሞትም ውሉ እንደሚቀጥልና ወራሾች በቦታው እንደሚተኩ ያስተምራሉ። ሐነፊዮች ውሉ በሞት ያበቃል ይላሉ። ያም ሆኖ ተከራዩ አስቀድሞ የከፈለውና ያልኖረበት ገንዘብ በሟቹ ንብረት ላይ ያለ ዕዳ መሆኑን የሚክድ የለም።

ውሉ ወር በወር የሚታደስ ከሆነ በእርግጥ ግዴታው አጭር ነው። ነገር ግን የውሉን ዓይነት ማወቅ የሚቻለው ተጠይቆ ነው። የሱረቱ አል-ማኢዳ መክፈቻ አማኞችን ውላቸውን እንዲሞሉ ሲያዝ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረውን ብቻ ብሎ አልለየም።

የሀገሪቱ ሕግ

የመንግሥትም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በአንድ ወቅት በከተሞቻችን አከራይና ተከራይ የሚባለው ነገር ራሱ ተሽሮ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው ሕዝቡ በአከራዮች ላይ ብዙ ምሬት በነበረበት ዘመን ነው። የግል ኪራይ በኋለኛው ዘመን ተመልሷል፤ ምሬቱም አብሮ እንዳይመለስ መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። የኪራይ ጭማሪ አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያስታውቀው መሠረት የሚፈጸም ነው። አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ በመሆኑ፣ በክልል ከተማ ቤት ያለው ሰው ከሁሉ በፊት ወደዚያው ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደውሎ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ይጠይቅ። እኔ ለደላላ የሰጠሁት የአንድ ደቂቃ ትእዛዝ ከሸሪዓውም ከአዋጁም መንፈስ ጋር የሚጋጭ ነበር።

የኸይበር ትምህርት

“ባለቤቱ ሩቅ፣ ነዋሪው ነባር” የሚለው ጉዳይ በኢስላም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር በሙስሊሞች እጅ ስትገባ አዲሶቹ ባለመብቶች መዲና ነበሩ፤ ኸይበር ደግሞ ከመዲና በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በተምር እርሻው ላይ ነባሮቹ አይሁዶች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሬቱን በእነርሱ እጅ ትተው፣ ከምርቱ እኩሌታውን እንዲሰጡ ከእነርሱ ጋር ተዋዋሉ። መከሩ ሲደርስ ምርቱን እንዲገምት ዐብደላህ ኢብኑ ረዋሓን (ረ.ዐ) ይልኩ ነበር።

ነዋሪዎቹ የሴቶቻቸውን ጌጥ ሰብስበው ግምቱን ቀነስ እንዲያደርግላቸው ሊሰጡት እንደሞከሩ ተዘግቧል። እርሱ ጉቦውን መለሰ። ለእነርሱ ያለው ስሜት በደል እንዲፈጽምባቸው እንደማያደርገውም ነገራቸው። ከዚያም ገምቶ ምርጫውን ለእነርሱ ሰጠ፤ በዚህ ግምት እናንተ ውሰዱና ድርሻችንን ስጡን፣ ካልሆነም እኛ እንውሰድና ድርሻችሁን እንስጣችሁ አላቸው። እነርሱም ፍትሕ ይህ መሆኑን መሰከሩ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከነባሮቹ ጋር ውሉ በግልጽ ተነግሯል። ሁለተኛ፣ በሩቁ ባለቤት ስም የሚሄደው ሰው በጉቦ የማይገዛ ነበር። ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በፊታቸው ተሰልቶ ምርጫ ተሰጥቷቸዋል። እነዚያ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። የጂንካ ተከራዮቻችንም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ወይም የአያቶቻቸውን እምነት የያዙ ናቸው። ኢስላምን የሚያውቁት በእኛ የስልክ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንነጋገር?

ከስሕተቴና ከዑለማዎች ምክር የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፦ ከገንዘብ በፊት ሰላምታ ይቅደም። የመጀመሪያው ስልክ ስለ ኪራይ አይሁን። ማን እንደሆንክ፣ ቤቱ እንዴት ወደ አንተ እንደመጣ፣ የት እንደምትኖር ንገራቸው። ለሁሉም ተከራይ ራስህ ደውል፤ የአንዱን መልእክት በሌላው አትላክ። ሰዓቱንም ምረጥ። በጂንካ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለነጋዴ ተከራይ መደወል ሥራ ማስፈታት ነው።

ሁለተኛ፦ ማስረጃህን አሳይ። ተከራዩ አንተን አያውቅህም። ዛሬ በስልክ “ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ በዚህ ሒሳብ ቁጥር አስገባ” የሚል አጭበርባሪ ሞልቷል። ሻጩ ራሱ ወይም የቀድሞው ባለቤት ቤተሰብ ተከራዩን አግኝቶ እንዲያስተዋውቅህ አድርግ። የሽያጩን ውል ወይም የወራሽነቱን ማረጋገጫ በወኪልህ በኩል አሳየው። ይህን የሚጠይቅህን ተከራይ አትቀየመው፤ ገንዘብህን እየጠበቀልህ ነው።

ሦስተኛ፦ ጠይቅ፣ ጻፍ፣ አመሳክር። መቼ ገቡ? ስንት ይከፍላሉ? እስከ መቼ ከፍለዋል? መያዣ ሰጥተዋል? በራሳቸው ያሠሩት ነገር አለ? የመብራትና የውኃ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የግል? ምን ተበላሽቷል? የሰማኸውን በጽሑፍ አስፍረህ መልሰህ አንብብላቸው። ቤቱን ገዝተህ ከሆነ ያንኑ ጥያቄ ለሻጩ ጠይቅና አመሳክር፤ ተከራዩ ለሻጩ አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ ከማን ዘንድ እንደሚቀር ከመፈራረማችሁ በፊት ተስማሙ። ወርሰህ ከሆነ የሟቹን ደብተር ፈልግ። ወረቀት የለውም ብለህ የተከራዩን ቃል አትጣል፤ ጎረቤትና የሠራው አናጢ ምስክር ናቸው። የሱረቱ አል-በቀራህ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘን በኋላ እንዳንጠራጠር ነው፤ ያልተጻፈን ዕዳ እንድንክድ አይደለም።

አራተኛ፦ ወኪልህ ደላላ አይሁን። ደላላ የሚጠቀመው ሰው ሲወጣና ሲገባ ነው፤ የአንተ ጥቅም ደግሞ ሰው ተረጋግቶ ሲኖር ነው። በከተማው ያለ፣ በአማናው የታወቀ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የመስጊድ ጀማዓ አባል ምረጥ። ለድካሙም ክፈለው። ሥልጣኑ እስከምን እንደሆነ ለእርሱም ለተከራዩም በአንድ ቃል ንገር፦ ኪራይ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? እስከ ስንት ብር ድረስ ያስጠግናል? ውል መዋዋል ይችላል? በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የመካው ሹማቸው ናፊዕ ኢብኑ ዐብዲል ሓሪስ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ሲገዛ፣ ዑመር የነበሩት መዲና ነው። ናፊዕም ግዢው የሚጸናው ዑመር ከተስማሙ መሆኑን ከሻጩ ጋር አስቀድሞ ተነጋገረ። ወኪል የሥልጣኑን ዳር ሲያውቅና ሲያሳውቅ ማንም አይታለልም።

አምስተኛ፦ ተገኝ። ርቀት ሰበብ አይሆንም። አንድ የማይጠፋ የስልክ ቁጥር ስጣቸው፤ ኔትወርክ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ የሚያነጋግሩትን ሰው ንገራቸው። በደቡብ ኦሞ የበልጉ ዝናብ ሲበረታ ጣሪያ ያፈሳል። ተከራይ “ያፈሳል” ሲልህ በዚያው ቀን መልስ። ጥገናውን ዛሬ ማድረግ ባትችል እንኳ መቼ እንደምታደርገው ንገረው። ለኪራይ ቀን ብቻ ስልኩ የሚሠራ ባለቤት ባለቤት ሳይሆን ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። ኪራዩን በቴሌብር ወይም በባንክ ስትቀበልም “ደርሶኛል፤ የዚህ ወር ነው” ብለህ ጻፍላቸው፤ ለሁለታችሁም ደረሰኝ ነው።

ስድስተኛ፦ በራስህ ቤትም ቢሆን አስፈቅደህ ግባ። ሱረቱ አን-ኑር የሌላ ሰው መኖሪያ ውስጥ ሳያስፈቅዱና ሳያሰላምቱ መግባትን ይከለክላል። ያከራየኸው ቤት መኖሪያነቱ የተከራዩ ነው። ወኪልህ ለማየት ሲሄድ አስቀድሞ ቀን ይያዝ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ከሆነ ከባለቤቱ ወይም ከጎረቤት ሴት ጋር ይሂድ።

ሰባተኛ፦ ስለ ጭማሪ በግልጽና በጊዜው ተናገር። ጭማሪ ማድረግ በራሱ ሐራም አይደለም። ሐራሙ ውል ማፍረስና ድንገት ማስጨነቅ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሲል፣ ሕጉ የፈቀደውን ያህል፣ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ምክንያቱንም ንገር። የዘገየ ኪራይ ላይ ቅጣት አትጨምር። ጊዜው ያለፈበት ኪራይ ዕዳ ነው፤ በዕዳ ላይ በመዘግየቱ የሚጨመር ገንዘብ ሪባ መሆኑን ዑለማዎች አስጠንቅቀዋል። የተቸገረን ባለዕዳ እስኪመቸው መጠበቅ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሸጥም ሲገዛም ዕዳውን ሲጠይቅም ገር ለሆነ ሰው የአላህን እዝነት ለምነውለታል። ገር መሆን ማለት መብትን መጣል አይደለም። ቀን ቆርጦ፣ በክፍል በክፍል ተቀብሎ፣ ሳይሰድቡ መጠየቅ ነው።

ስምንተኛ፦ በዲን ምክንያት የማትቀበለው ነገር ቢኖር በክብር ተናገር። ብዙ ወንድሞች የሚጠይቁኝ ይህን ነው፤ “የወረስኩት ቤት ውስጥ አረቄ የምትሸጥ ተከራይ አለች፤ ምን ላድርግ?” ቤትን ለመጠጥ መሸጫ እንዲሆን ማከራየት እንደማይገባ አብዛኞቹ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ዝርዝሩን በአካባቢህ ያለውን ዓሊም ጠይቅ። አነጋገርህን ግን እኔ ልንገርህ። ያቺ ሴት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ገቢ ነው፤ ከቀድሞው ባለቤትም ጋር የተስማማችው በዚያ ነው። ደላላ ልከህ ዕቃዋን አታስወጣ። እምነትህ ለዚህ ሥራ ቤት ማከራየት እንደማይፈቅድልህ ራስህ ንገራት። ለመኖሪያ ብቻ መቀጠል ከፈለገች ቤቱ ቤቷ መሆኑን፣ ካልሆነም ሌላ ቦታ እስክታገኝ በቂ ጊዜ እንደምትሰጣት ንገራት። የከፈለችው ካለ መልስላት። እንዲህ የተነገራት ሰው ባትወደው እንኳ በደል ተፈጸመብኝ አትልም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

ስልክ ከተደወለ በኋላ አንድ ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ተከራይ ይድረስ። ማንበብ ለማይችል ወኪሉ በሚገባው ቋንቋ ያንብብለት። እኔ ዛሬ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

“ለተከበሩ እማማ፦ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የሐጂ ልጅ ነኝ። አባቴ ካረፉ በኋላ እርስዎ የሚኖሩበት ግቢ በውርስ ለእኔ ደርሷል። በኀዘናችን ከእኛ ጋር ስላዘናችሁ አመሰግናለሁ። ከአባቴ ጋር የነበራችሁ ውል እንደነበረ ይቀጥላል፤ ኪራዩም ሆነ ሌላው ነገር በዚህ ደብዳቤ አልተለወጠም። ለአባቴ አስቀድመው የከፈሉት ወይም ለቤቱ ያወጡት ገንዘብ ካለ በዚህ ወር ውስጥ ይንገሩኝ፤ አጣርቼ አስብልዎታለሁ። በከተማው ወኪሌ ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎት ሰው ነው፤ ጥገና ያስጠግናል፣ ገንዘብ ግን አይቀበልም። ኪራዩን የሚያስገቡበት የሒሳብ ቁጥር ከታች አለ። ስልኬም አለ፤ ማታ ማታ ይደውሉልኝ። ወደፊት የሚለወጥ ነገር ቢኖር አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቅዎታለሁ። አላህ ያቆይልን።”

ይህ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። እኔ ባለመጻፌ ግን አንዲት እናት ከቤታቸው ወጡ፤ አባቴም ከዕዳ ጋር ቆዩ።

ለማጠቃለል

ውድ አንባብያን፣ ተከራይም ግዴታ አለበት። ኪራዩን በቀኑ መክፈል፣ ቤቱን እንደ አማና መጠበቅ፣ ሩቅ ያለውን ባለቤት አለማታለል ይገባዋል። ሆኖም የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ኃላፊነት ያለበት ኃይል ያለው ወገን ነው፤ እርሱም ቁልፉን የያዘው ነው።

ዛሬ በጂንካ ያሉት የእኔ ተከራዮች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ስለ ልጆቼ ይጠይቃሉ፤ ቀጥለው ስለ ጣሪያው ይነግሩኛል። ያ የጓሮ ማእድ ቤት አሁንም ቆሟል። ባሠሩት እናት ገንዘብ መቆሙን አዲስ የገባው ተከራይ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ።

እናንተም ወላጆቻችሁ ሩቅ ሀገር ቤት ትተውላችሁ ከሆነ፣ ወይም ገና ልትገዙ እየተደራደራችሁ ከሆነ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ውስጡ ማን እንደሚኖር ጠይቁ። ዛሬ ማታ ደውሉ። ሒሳቡ በዱንያ እያለ በስልክ ይጠራል፤ ነገ በቂያማ ቀን ግን ስልኩን የሚያነሳልን ወኪል የለንም።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ የሞቱብንንም ከዕዳቸው ነጻ ያውጣልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።